አርባ አንዱ ትንንሽ ታቦሮች

ብርሃንነሽ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። ቤቷ ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ነው። ከእናቷ ከየኔነሽና ከአምስት ዓመት ወንድሟ ከሽበሺ ጋር ትኖር ነበር። እናቷ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ናት። በአጥር የሚዋሰኗቸው ጎረቤቶች ደግሞ ባለ ዳቦ ቤቱ ጋሽ ኑሪና ሚስቱ እትዬ ፈድሊያ ናቸው።

የጋሽ ኑሪ ዳቦ ሽታ፣ ልጆቼ፣ ነፋስ ከረዳው ሰኮሩ ድረስ ይደርስ ነበር። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ሾፌሮች ጉም ሲጋርዳቸው አፍንጫቸውን በመስኮት አውጥተው ነው ጅማን የሚያገኟት። እንዲህ ሲባል ሰምቻለሁ። ከማን እንደሰማሁ ግን አትጠይቁኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ስኳር የሚገኘው በቀበሌ ሱቅ፣ ያውም ተሰልፎ ነው። ወሩ ደግሞ ነሐሴ። የጅማን የነሐሴ ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ እንቁራሪት እንኳ መጠለያ ፍለጋ ሰው ቤት ትገባለች። ፍልሰታ ገብቷል። በፍልሰታ ሥጋ የለም። ወተት የለም። ቅቤ የለም። እንቁላል የለም። ቅዳሴ እስኪያልቅ ደግሞ ውሃም የለም።

የሰንበት ትምህርት ቤቱ አስተማሪ ቄስ ከፈለ ነበሩ። ጢማቸው ከመርዘሙ የተነሳ ወፍ ጎጆ ልትሠራበት ሁለት ጊዜ መጥታ አይታው ሄዳለች። አንድ ቀን ልጆቹን ሰብስበው እንዲህ አሏቸው፦

"በየዓመቱ ለቡሄ ሙልሙል ነው የምንበላው። ዘንድሮ ግን እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ደብረ ታቦር ትበላላችሁ።"

"ተራራ እንዴት ይበላል፣ አባ?" አለ ጎሳዬ። ጎሳዬ የሰባት ዓመት ልጅ ነው። ፍልሰታን ሲጾም ያ የመጀመሪያው ነበር።

"ኬክ ሆኖ ነዋ። ትንንሽ የተራራ ኬክ። የጾም። ማን ይጋግርልን?"

ንግስት እጇን አወጣች። ንግስት ለፋሲካ ኬክ ጋግራ ተመስግናለች። ቄስ ከፈለ ራሳቸው ሁለት ቁራሽ በልተው "እጅሽ ይባረክ" ብለዋታል። ብርሃንነሽ ይህን አልረሳችም። እጇን አወጣች፤ እጇ አልበቃ ሲላት ተነስታ ቆመች።

"እኔ ልጋግር፣ አባ። ጋሽ ኑሪ ምድጃውን ይሰጠኛል። የንግስት ኬክ ተራራ አይመስልም ነበር። የኔ ይመስላል።"

"እንግዲህ እናያለን" አለች ንግስት። ቄስ ከፈለ ሥራውን ለብርሃንነሽ ሰጡ።

አርባ ልጆች ናቸው፤ ከቄስ ከፈለ ጋር አርባ አንድ። ልጆቹ ከየቤታቸው አንድ አንድ ሲኒ ስኳር አመጡ። አርባ አንድ ባዶ የቲማቲም ጣሳ ከየሆቴሉ ለቀሙ። ዱቄቱን ሰበካው ሰጠ። ያ ሁሉ ስኳር በብርሃንነሽ እጅ ገባ። ቢበላሽ ሌላ አይገኝም።

አሳቧ ግን ቆንጆ ነበር። ኬኩ ቡናማ ይሆናል፤ የተወቀጠ ቡና ጣል ይደረግበትና የተራራ አፈር ይመስላል። ጫፉ ላይ ስኳር በሙቀጫ ደቅቆ፣ በሎሚ ተለውሶ ይፈስስበታል፤ ይህ የጌታችን ልብስ ነጭ ሆኖ ያበራበት ብርሃን ነው። ከተራራው ግርጌ ደግሞ ሦስት የተቆሉ የቡና ፍሬዎች በሆዳቸው ይደፋሉ። ጴጥሮስ፣ ያዕቆብና ዮሐንስ። በግንባራቸው ወድቀው የለ? የቡና ፍሬ ጅማ ውስጥ ሞልቷል፤ ሐዋርያት የማይሆንበት ምክንያት የለም።

ቡሄ ሁለት ቀን ሲቀረው አሥራ ሦስት ጣሳ ሞከረች። ዱቄት፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ቡና። እርሾ አይገባበትም፤ እርሾ ከገባበት ሙልሙል ሆነ ማለት ነው። ቤኪንግ ፓውደር ደግሞ ከሱቅ ከጠፋ ከርሟል። ጋሽ ኑሪ በረጅሙ የዳቦ ማውጫ እንጨት ከምድጃው ሲያወጣቸው አሥራ ሦስቱም ከጣሳው ሥር ተኝተዋል። አንዱም አልተነሳም።

ንግስት ልታይ መጥታ ነበር። ጎንበስ ብላ አየቻቸው።

"ይሄ ታቦር ነው? የጊቤ ሜዳ መሰለኝ። ጴጥሮስ እዚህ ላይ ወጥቶ ምን ሊያይ ነው?"

ጋሽ ኑሪ አንዱን ገመጠ። አላመጠ። ዓይኑን ጨፈነ።

"ጠፍጣፋ ነው" አለ። "ግን ጣፋጭ ነው።"

"ይጣልልኝ፣ ጋሼ" አለች ብርሃንነሽ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

"የተጋገረ አይጣልም" አለና አሥራ ሁለቱን በቆርቆሮ ሣጥን ከድኖ መደርደሪያ ላይ ሰቀላቸው።

በማግስቱ ጠዋት ብርሃንነሽ አጥሩ አጠገብ ቆመች። ቡሄ ነገ ነው። ልጆቹ ሁሉ ሜዳውን ሲያዩ ሊስቁ ነው። በአጥሩ ማዶ የእትዬ ፈድሊያ ዶሮዎች ይጫጫራሉ። አንዷ እንቁላል ጥላ ትንጫጫለች። ብርሃንነሽ አሰበች፦ የንግስት ኬክ የተነፋው በእንቁላል ነው። እኔም አንድ ጊዜ ብቻ ብጨምርስ? ማን ያውቃል? እንቁላል እንደሁ አይናገር።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ሰምታችኋል። የብርሃንነሽ እንቁላል ግን ቀስ አላለም። ሮጠ።

"እትዬ ፈድሊያ፣ ትንሽ እንቁላል ካለዎት ብዬ ነበር።"

"በፍልሰታ? ጾም አይደላችሁ እንዴ፣ ኢንተላ ኮ?" አለች እትዬ ፈድሊያ። ኢንተላ ኮ በኦሮምኛ "ልጄ" ማለት ነው።

"ለሽበሺ ነው። እሱ ገና አይጾምም። አሞታል።"

"ዱጋ?"

ዱጋ ማለት "እውነት?" ማለት ነው። ይህች ቃል ከእትዬ ፈድሊያ አፍ አትጠፋም። ዝናብ ዘነበ ብትሏት ራሷ እየበሰበሰች "ዱጋ?" ትላለች።

"ዱጋ" አለች ብርሃንነሽ።

"ያ ረቢ። ያ ጩጬ? ምኑን ነው የሚያመው?"

"ሆዱን።" እትዬ ፈድሊያ ጠጋ ብላ አየቻት። "ራሱንም። እግሩንም ትንሽ።"

አያችሁ፣ ውሸት እንዲህ ነው። አንዱን ስታበሉት ወንድሞቹን ይጠራል። እኔም ነገር አጋንናለሁ፤ እናንተም ስለምታውቁብኝ ትስቃላችሁ። እትዬ ፈድሊያ ግን አልሳቀችም። ደነገጠች። ወደ ጓዳ ገብታ አሥር እንቁላል በጨርቅ ቋጥራ መጣች።

"በቀን ሁለት ሁለት ቀቅላችሁ አብሉት። አላህ ይማረው።"

ብርሃንነሽ እንቁላሉን ደብቃ ሄደች። ከስኳሩ ጋር መታችው፣ መታችው፣ መታችው። ክንዷ እስኪዝል መታችው። የእንቁላሉን ቅርፊት ከቆሻሻ ሥር ቀበረች። አርባ አንዱን ጣሳ ሞልታ ወደ ጋሽ ኑሪ ምድጃ ወሰደች።

ሲወጡ ተራራ ሆነዋል። ጫፋቸው ደመና ነካ ብል አትመኑኝ። ከጣሳው በላይ ሁለት ጣት ያህል ቢሆኑ ነው። ለኬክ ግን ይህ ተራራ ነው።

ጋሽ ኑሪ ማውጫ እንጨቱን ይዞ ቆመ።

"ትናንት ሜዳ፣ ዛሬ ተራራ። ምን ጨመርሽበት?"

"ሎሚ።"

"ሎሚ።" ራሱን ነቀነቀ። "ሎሚ ተራራ የሚያበቅል ከሆነ እኔ ሠላሳ ዓመት ምን ስሠራ ነው የኖርኩት?"

ብርሃንነሽ ጣሳዎቹን መሰብሰብ ጀመረች። ከሰዓት በኋላ ንግስት ልታግዛት መጣች። ቡናዎቹን ሦስት ሦስት እያደረገች ደፋቻቸው። ጴጥሮስ፣ ያዕቆብ፣ ዮሐንስ። ነጩ ስኳር ከየጫፉ ፈስሶ ደረቀ። ንግስት ቀና ብላ ረድፉን አየች።

"ጎበዝ ነሽ" አለች። "እኔ ይህን አልችልም ነበር። ትናንት ስለሳቅሁብሽ ይቅርታ።"

ብርሃንነሽ ይህን ቃል ለመስማት ነበር ያን ሁሉ ያደረገችው። አሁን ሰማችው። ደስታው ግን አልመጣላትም።

የቡሄ ቀን ነጋ። ቤተ ክርስቲያኑ በልጅ ተሞላ። ለመቁረብ ሲሰለፉ ብርሃንነሽም ተሰለፈች። ሰልፉ አንድ እርምጃ ሄደ። ሰልፉ ሌላ እርምጃ ሄደ። ከሰልፉ ወጣች።

"ምን ሆንሽ?" አለቻት እናቷ በሹክሹክታ።

"ሆዴን አሞኛል፣ እማዬ።"

ይህችኛዋ እንኳ ውሸት አልነበረችም። ሆዷ ውስጥ አርባ አንድ ተራራ ተቀምጧል።

ቅዳሴው አለቀ። ልጆቹ ወደ ሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ገቡ። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ ተከድኗል። ከሥሩ የተራራዎቹ ጫፍ ጫፍ ይታያል። ጎሳዬ ብርሃንነሽ አጠገብ መጥቶ ቀሚሷን ጎተተ።

"ዛሬ አሥራ ሦስተኛ ቀኔ ነው። አንድም ቀን አላፈረስኩም። ትናንት አክስቴ ወተት ልስጥህ አለችኝ፤ እንቢ አልኳት። አባ በጣታቸው ቆጠሩልኝ፤ ጣታቸው አልቆ የኔን ጨመርን።"

ብርሃንነሽ ልጁን ማየት አቃታት። ጨርቁ ሲገለጥ ሁሉም "ውይ" አለ። ቄስ ከፈለ መስቀላቸውን ይዘው ለጸሎት ቆሙ። ብርሃንነሽ ወደ በሩ ሸሸች። ከበሩ ወደ ግቢው ተመለከተች።

ከአጥሩ ውጭ፣ ከዋናው በር ላይ፣ እትዬ ፈድሊያ ቆማለች። በአንድ እጇ ጃንጥላ፣ በአንድ እጇ ፔርሙዝ ይዛለች። ፔርሙዙ ውስጥ አጥሚት አለ፤ ለታመመው ለሽበሺ። ምስኪን ጠዋት በሽተኛ ልትጠይቅ ብትሄድ ቤቱ ተቆልፏል። ልጁ ሆስፒታል ገባ ብላ ደነገጠች። ሆስፒታሉን አልጋ በአልጋ ፈተሸች፤ ሦስት የማታውቃቸውን በሽተኞችም ጠይቃ "አላህ ይማራችሁ" ብላለች። አሁን እናትየዋን ፍለጋ መምጣቷ ነው። በሽተኛው ሽበሺ ደግሞ ፊት ለፊቷ፣ ጭቃው መሃል፣ ጅራፍ ያጮሃል። ጧ። ሆዱን፣ ራሱንና እግሩን የሚያመው ልጅ። ጧ።

ብርሃንነሽ ሮጣ ሄደች። መጀመሪያ ያሰበችው እትዬ ፈድሊያን ዝም በይልኝ ብላ ልትለምናት ነበር።

"እትዬ ፈድሊያ፣ እንደምን ዋሉ።"

"ሽበሺ ዳነ?"

"አዎ።"

"ዱጋ?"

ብርሃንነሽ አፏን ከፈተች። ትናንት በቀላሉ የወጣችው ቃል ዛሬ አልወጣ አለች።

እትዬ ፈድሊያ ድምጿን ከፍ አላደረገችም። "ኑሪ ትናንት ሎሚ ተራራ አበቀለ እያለ ሲስቅ ነበር። እኔ ምን እንደሚያስቀው አልገባኝም። አሁን ገባኝ። እንቁላሎቼ እነዚያ ተራራዎች ውስጥ ናቸው?"

ብርሃንነሽ ራሷን ነቀነቀች።

"በረመዳን እናትሽ ሽንኩርት ስታቁላላ መስኮቷን ትዘጋለች። ሽታው እኔ ቤት እንዳይገባ። ጭሱ እያስለቀሳት ትዘጋለች። ስንት ዓመት እንዲህ ኖርን። እኔ ደግሞ በእጄ የልጆቻችሁን ጾም ላስፈርስ? እኔ የሰጠሁት ለታመመ ልጅ ነው።"

"ገና አልበሉም" አለች ብርሃንነሽ እያለቀሰች።

"ታዲያ እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?"

ብርሃንነሽ ዞረች። ከአዳራሹ "አሜን" ሲባል ተሰማ። ጸሎቱ አልቋል። ከዋናው በር እስከ አዳራሹ ስልሳ እርምጃ ነው፤ ለእሷ ግን ከጅማ እስከ ሰቃ ሆነባት። አንድ ጊዜ አዳለጣት። ጉልበቷ ጭቃ ሆነ። ተነሳች። የቄስ ከፈለን ድምፅ ሰማች፦

"ዘንድሮ መጀመሪያ የሚቀምሰው ጎሳዬ ነው፤ የመጀመሪያ ጾሙ ነውና። ከዚያ ሁላችሁ ትበላላችሁ።"

ስትገባ ጎሳዬ ተራራውን በሁለት እጁ ይዟል። አፉ እንደ ጋሽ ኑሪ ምድጃ ተከፍቷል። ብርሃንነሽ ወንበር ዘልላ እጁን ያዘችው።

"አትብላው። እንቁላል አለበት።"

አዳራሹ ዝም አለ። ቆርቆሮውን የሚደበድበው ዝናብ እንኳ ዝም አለ። ይህችን አልጨመርኩባትም።

"እኔ ነኝ የጨመርኩት" አለች ብርሃንነሽ። "ሽበሺ ታሟል ብዬ ዋሽቼ ከእትዬ ፈድሊያ አመጣሁ። ጋሽ ኑሪንም ሎሚ ነው አልኩት። ጠፍጣፋ ሆኖ ልትስቁብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ከንግስትም ልበልጥ ፈለግሁ።"

እናቷ የኔነሽ ከኋላ ቆማ ሰማች። ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። ከቁጣ ሁሉ ይልቅ ለብርሃንነሽ ያ ከበዳት።

ጎሳዬ ማልቀስ ጀመረ። "አልነካሁትም፣ አባ። ስኳሩን አሸተትኩት ብቻ። ጾሜ ፈረሰ?"

"ማሽተት አያፈርስም" አሉ ቄስ ከፈለ። "ቢያፈርስማ ከጋሽ ኑሪ ጎረቤት አንድም ጾመኛ ባልተገኘ።" ኬኩን ከልጁ እጅ ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ መለሱት። ከዚያ ወደ ብርሃንነሽ ዞሩ።

"ልጄ፣ በደልሽ ትልቅ ነው። የሰው ጾም ልታስፈርሺ ነበር። ጎረቤትሽንም አታልለሻል። ከነገ ጀምሮ በእያንዳንዱ ተራራ አንድ፣ አርባ አንድ ስግደት ትሰግጃለሽ። ግን ገና ሳይበላ መጥተሽ ተናገርሽ። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት። ይህን እኔም እግዚአብሔርም አይተነዋል። አሁን ሂጂና እትዬ ፈድሊያን ይቅርታ ጠይቂ።"

ወደ ዋናው በር ስትሄድ እትዬ ፈድሊያ ብቻዋን አልነበረችም። ዳቦ ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ስለሆነ ጋሽ ኑሪን ጠርታዋለች። ጋሽ ኑሪ የቆርቆሮ ሣጥኑን በራሱ ተሸክሞ መጥቷል።

"እነዚህ ጾመኞች ናቸው" አለና ሣጥኑን አቀበላት። "አልጣልኳቸውም። ተራራዎቹን አምጪ፤ እነሱን የሰፈራችን የሙስሊም ልጆች ይበሏቸዋል።"

"ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ ፈድሊያ" አለች ብርሃንነሽ። መሬት መሬት ታያለች።

"ይቅር ብዬሻለሁ።"

ብርሃንነሽ ቀና አለች። "ዱጋ?"

"ዱጋ" አለች እትዬ ፈድሊያ። ከዚያ ሽበሺን ጠራችው። ሽበሺ ያልታመመውን ሕመም መድኃኒት፣ አንድ ፔርሙዝ ሙሉ አጥሚት፣ ጅራፉን እንደያዘ እስከ መጨረሻው ጠጣ።

ተራራዎቹ ለጋሽ ኑሪ ተሰጡ። በአዳራሹ ውስጥ ሣጥኑ ተከፈተ። አሥራ ሁለት ሜዳ። ለአርባ አንድ ሰው አሥራ ሁለት ሜዳ። ልጆቹ ተያዩ፤ ሆዳቸው ይጮኻል። ብርሃንነሽ ልትደበቅ ፈለገች። ንግስት ግን አንዱን አንስታ ሰሃን ላይ አስቀመጠች። ሁለተኛውን በላዩ ደረበች።

"ነይ፣ አንቺ ደርድሪ" አለቻት። "የኔ ይንጋደዳል።"

ብርሃንነሽ ሦስተኛውን ደረበች። አራተኛውን። አሥራ ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ ጎሳዬ ጫፉን ለማየት ወንበር ላይ ወጣ። ከትናንቱ በሲኒ የተረፈውን ነጭ ስኳር አፈሰሱበት። ሦስቱን የቡና ፍሬዎች ከግርጌው ደፉ። አንድ ተራራ ሆነ። የሁሉም።

ቄስ ከፈለ አርባ አንድ ቦታ ቆረሱት። የመጀመሪያውን ለጎሳዬ ሰጡ። ጎሳዬ ቀመሰና አሰበ።

"እንቁላል የለበትም?"

"የለበትም" አለች ብርሃንነሽ።

ጎሳዬ አመናት፤ በላ። የብርሃንነሽ ድርሻ ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም ነበር። እሱን ይዛ ረጅም ሰዓት አላመጠች።

ልጆቼ፣ ሰው እንዲያመሰግናችሁ ብላችሁ አትዋሹ፤ ዋሽታችሁ ከተገኛችሁም ሌላው ሳይጎዳ ሮጣችሁ እውነቱን ተናገሩ፤ ጠፍጣፋ እውነት ተራራ ከሚያክል ውሸት ይጣፍጣልና።